ሻምፖ ለደረቅና ለሚያሳክክ የራስ ቆዳ

ለደረቅ፣ ለሚያሳክክና በቀላሉ ለሚቆጣ የራስ ቆዳ የሚሆን ሻምፖ፣ በተለምዶ «ለስላሳ ሻምፖ» የሚባለው፣ ላብንና ቆሻሻን እያነሳ የቆዳውን የተፈጥሮ ቅባት ግን ከመጠን በላይ የማይገፍ የፀጉር ማጠቢያ ነው። ለስላሳነቱ የሚወሰነው በያዛቸው አጣቢ ንጥረ ነገሮች፣ በአሲድነቱ መጠን፣ በሽቶው እና እንዳይበላሽ በሚጨመርበት ማቆያ ነው። የአረፋው ብዛት፣ ዋጋው ወይም በማሸጊያው ፊት ለፊት የተጻፈው ማስታወቂያ የለስላሳነት መለኪያ አይደለም።

በድሬዳዋ ከተማ ይህን ምርጫ የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነሱም ሞቃትና ደረቅ የሆነው አየር እና ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ናቸው። ከዚህም ሌላ የራስ ማሳከክ ሁሉ ከድርቀት አይመጣም። ፎረፎር፣ ቆረቆር፣ ቅማልና አለርጂም ያሳክካሉ፣ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የሻምፖ ምርጫ የሚጀምረው ምክንያቱን ከመለየት ነው።

የራስ ቆዳ እንዴት ይደርቃል

የቆዳ የላይኛው ንብርብር እንደ ግንብ ሊታይ ይችላል። የሞቱ ሕዋሳት ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ ጭቃው ነው። ይህ ግንብ ውስጡ ያለው እርጥበት እንዳይተን፣ ከውጭ የሚመጣ የሚቆጠቁጥ ነገርም እንዳይገባ ይከላከላል። ጠንካራ ማጠቢያ ቅባቱን አጥቦ ሲወስደው ግንቡ ይሳሳል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ያሳክካል፣ ጥቃቅን ደረቅ ቅርፊትም ያነሳል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ምንም የማያደርግ ሽቶ ወይም ቀለም ማቃጠል ሊጀምር ይችላል።

ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው። የራስ ቆዳ ፒኤች 5.5 አካባቢ ሲሆን ከቅባትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ተራ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የፒኤች መለኪያ በአንድ ቁጥር ሲጨምር አሲድነቱ በ10 እጥፍ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የፀጉር ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጥቅልልና ከርዳዳ ፀጉር ላይ ከቆዳው የሚወጣው ቅባት ከሥር ወደ ጫፍ በቀላሉ አይወርድም። በዚህ ምክንያት ፀጉሩ ደርቆ ሳለ ሥሩ ላይ ቅባት ሊከማች ይችላል።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ላብ ደርቆ የሚተወው ጨው ቆዳን ስለሚቆጠቁጥ ሰው ራሱን ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ አዘውትሮ በጠንካራ ማጠቢያ መታጠብ ደግሞ ድርቀቱን ያባብሳል።

የማሳከክ ምክንያቶች አለያየት

ድርቀት፦ ቅርፊቱ ትንንሽ፣ ነጭና ደረቅ ነው፤ ሲበጠር ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ የእጅና የእግር ቆዳም አብሮ ይደርቃል። ለስላሳ ሻምፖ በዋናነት የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ፎረፎር፦ ቅርፊቱ ሰፋ ያለ፣ ወዛምና አንዳንዴ ቢጫ ይሆናል። ማላሴዥያ የተባለ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ከበሽታው ጋር ይያያዛል። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1874 ፈንገሱን ከፎረፎር ጋር አያይዞ ከገለጸው ፈረንሳዊው ሉዊ ሻርል ማላሴ ነው። ፈንገሱ የሚመገበው የቆዳን ቅባት በመሆኑ ፎረፎርን ደረቅ ቆዳ ነው ብሎ ቅባት ደጋግሞ መቀባት ሊያባብሰው ይችላል።

ቆረቆር፦ በሕፃናት ላይ የሚበዛ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ነው። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ይሰበራል ወይም ይመለጣል፣ ቦታውም ይላጣል። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ በሻምፖ ብቻ አይድንም። እንደ ግሪሴኦፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። ሕክምናው ከዘገየ ቦታው ሊቆስልና ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቅማል፦ ማሳከኩ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ይበረታል። የቅማል እንቁላል እንደ ፎረፎር አይረግፍም፤ በፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አለርጂ፦ አዲስ ሻምፖ፣ ቀለም ወይም ቅባት ከተጠቀሙ በኋላ በሰዓታት ወይም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሽፍታው በራስ ቆዳ ብቻ ሳይወሰን አረፋው በወረደበት በግንባር፣ በጆሮና በአንገት ላይ ሊታይ ይችላል።

ሶሪያሲስ፦ ድንበሩ በግልጽ የሚለይ፣ ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት ያለው ሲሆን በክርንና በጉልበት ላይም ሊኖር ይችላል። የሐኪም ክትትል ይፈልጋል።

ሳሙና፣ ሻምፖ እና የድሬዳዋ ውሃ

የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ በዋነኛነት ከከርሰ ምድር የሚወጣ ሲሆን፣ ከሚታወቁት ጉድጓዶች መካከል በሳቢያን አካባቢ ያሉት ይገኙበታል። በከተማይቱ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ፤ የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል። እንዲህ ያለ ውሃ በሳይንስ «ጠንካራ ውሃ» ይባላል። በተለመደው አከፋፈል በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ የካልሲየም ካርቦኔት ልክ ያለው ውሃ በጣም ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ውሃ ምልክት ነው።

ተራ ሳሙና ከጠንካራ ውሃ ጋር ሲገናኝ በካልሲየሙ ተይዞ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ዝቃጩ በፀጉርና በራስ ቆዳ ላይ ስለሚቀር ፀጉሩ ይሻክራል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ የቀረው ነጭ ብናኝም ፎረፎር ሊመስል ይችላል። በዚህ ሳቢያ ሰው ተጨማሪ ሳሙና ይመታል፣ ዝቃጩም ይጨምራል። በተለይ የልብስ ሳሙና ለዕቃና ለልብስ የተዘጋጀ በመሆኑ ለተቆጣ የራስ ቆዳ አይመከርም።

ሻምፖ ከሳሙና የሚለየው በዚህ ነው። በሻምፖ ውስጥ ያሉት በፋብሪካ የሚቀመሙ አጣቢዎች በጠንካራ ውሃ እንደ ሳሙና አይረጉም። ጀርመናዊው ሐንስ ሽዋርዝኮፍ እ.ኤ.አ. በ1903 በበርሊን የዱቄት ሻምፖ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ድርጅቱ ሳሙና የሌለበትን ሻምፖ ያወጣው ግን በ1933 ነው። በዓመቱ በአሜሪካ ድሪን የተባለው ሻምፖ ተከተለ። እነዚህ ምርቶች በጠንካራ ውሃ ዝቃጭ ባለመተዋቸው ተፈላጊ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ሻምፖም ቢሆን ከጠንካራ ውሃ ችግር ፈጽሞ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ በጠንካራ ውሃ በታጠበ ቆዳ ላይ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለው አጣቢ ይበልጥ ቅሪት እንደሚተውና ቆዳን እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ነዋሪ በደንብ ማለቅለቅ ከሻምፖው ምርጫ ያልተናነሰ ትርጉም አለው።

የውሃውን ጠባይ በቤት ለመገመት ቀላል ሙከራ አለ። በግልጽ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ የቧንቧ ውሃ ተደርጎ ጥቂት የተፈቀፈቀ ሳሙና ይጨመርበትና ይናጣል። ብዙ አረፋ ወጥቶ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ብሎ ከቆየ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋው ጥቂት ሆኖ ውሃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። የዚህ ጠንካራነት አንዱ ክፍል ውሃው ሲፈላ ኖራው ስለሚዘቅጥ ይቀንሳል። ፈልቶ፣ ቀዝቅዞና ጠልሎ የተቀዳ ውሃ፣ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ተስማሚ ነው።

በማሸጊያው ላይ ምን ይነበባል

የንጥረ ነገሮች ዝርዝር የሚጻፈው በአብዛኛው ከማሸጊያው ጀርባ፣ በላቲን ፊደልና በጥቃቅን ጽሑፍ ነው። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አጣቢዎቹ፣ ወደ መጨረሻው ሽቶና ማቆያ ይመጣሉ። ስለዚህ ከውሃ ቀጥለው የተጻፉት ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ስለ ሻምፖው ጠባይ ብዙ ይናገራሉ።

ጠንካራ አጣቢዎች፦ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት እና አሞኒየም ላውሪል ሰልፌት ብዙ አረፋ ይሰጣሉ፣ ቅባትንም አጥብቀው ይገፋሉ። የመጀመሪያው በቆዳ ምርምር ላይ ሆን ተብሎ ቆዳን ለማስቆጣት የሚያገለግል መለኪያ ነው።

መካከለኛ፦ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት በስም ቢመሳሰልም ከላውሪል ይለዝባል። ከሌሎች ለስላሳ አጣቢዎች ጋር ሲቀላቀል ብዙ ሰው ይችለዋል። ስለዚህ «ሰልፌት ያለበት ሁሉ መጥፎ ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

ለስላሳ አጣቢዎች፦ ዴሲል ግሉኮሳይድ፣ ኮኮ ግሉኮሳይድ፣ ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት እና ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ይጠቀሳሉ። አረፋቸው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ለስላሳ ቢሆንም በጥቂት ሰዎች ላይ አለርጂ ያስነሳል።

ሽቶ፦ «ፓርፈም» ወይም «ፍራግራንስ» ተብሎ የሚጻፈው አንድ ቃል ብዙ ቅመሞችን ሊወክል ይችላል፤ ከተለመዱት የአለርጂ መነሻዎችም አንዱ ነው። «ሽቶ የሌለው» እና «ሽታ የሌለው» የሚሉት ሁለቱ አይመሳሰሉም። ሁለተኛው ሽታን ለመሸፈን ሽቶ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል።

ማቆያ፦ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው ማቆያ በአለርጂ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ተቀብተው በቆዳ ላይ በሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ የከለከለ ሲሆን፣ በሚታጠቡት ደግሞ ከ0.0015 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

እርጥበት ሰጪ፦ ግሊሰሪን፣ ፓንቴኖልና የአጃ ተዋጽኦ ለደረቅ ቆዳ ይረዳሉ። ሻምፖ ግን ታጥቦ የሚወርድ በመሆኑ የእነዚህ ጥቅም የተወሰነ ነው።

«ተፈጥሯዊ»፣ «ከዕፅዋት የተሠራ» ወይም «የሕፃናት» የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። የሕፃናት ሻምፖ ዓይን እንዳያቃጥል ስለሚዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ይሁንና ሽቶ ሊኖረው ይችላል።

መድኃኒትነት ያላቸው ሻምፖዎች

ምክንያቱ ፎረፎር ከሆነ ለስላሳ ሻምፖ ብቻ አይበቃም። ኬቶኮናዞል፣ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ወይም ዚንክ ፓይሪታዮን የያዙ ሻምፖዎች ፈንገሱን ይቀንሳሉ። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ በተለምዶ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይታዘዛል። አረፋው በራስ ቆዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል፣ ወዲያው ከታጠበ ሥራውን አይሠራም። እነዚህ ሻምፖዎች ፀጉርን ሊያደርቁ ስለሚችሉ በመካከል ባሉት እጥበቶች ለስላሳ ሻምፖ ይመረጣል።

ባህላዊ ማጠቢያዎችና ቅባቶች

ቀሲል፦ ሶማሌዎች ጎብ ከሚሉት፣ በአማርኛ ቁርቁራ ከሚባለው ወገን ከሆነው ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ አረንጓዴ ዱቄት ነው። በድሬዳዋና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለፀጉርም ለፊትም ያገለግላል። በውሃ ሲለወስ የሚያረፋው በቅጠሉ ውስጥ ባለው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ንጹሕ ቀሲል ሽቶ ስለሌለው አንዳንድ ሰዎች ከሻምፖ ይልቅ ይስማማቸዋል። ሻካራ ዱቄት ግን የተቆጣን ቆዳ ይፍቃል፣ ሲተንም ያስነጥሳል። ስለዚህ በጥሩ ወንፊት ተነፍቶ፣ ቀጠን ብሎ ተለውሶ፣ ሳይታሽ ተቀብቶ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ተፈጭቶ የሚሸጥ ሲሆን ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንዶድ፦ ፍሬው ለልብስ ማጠቢያነት በኢትዮጵያ የቆየ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። አረፋውን የሚሰጠው እንዶድም እንደ ቀሲል ሳፖኒን ነው፤ ዱቄቱ ግን ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ያቃጥላል። ከዕፅዋት መገኘት ለስላሳ መሆን እንዳልሆነ እንዶድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለተቆጣ የራስ ቆዳ አይመከርም።

ቅቤ፦ ለጋ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበትም እንዳይተን ያግዛል። ለደረቅ ፀጉር ጠቃሚ ሊሆን ቢችልም ፎረፎር ላለበት ሰው በቆዳው ላይ ረጅም ጊዜ ማቆየት አይመከርም። ቅቤውን ለማስለቀቅ ጠንካራ ማጠቢያ ደጋግሞ መጠቀምም ጥቅሙን መልሶ ያጠፋዋል። በጥቂቱ፣ ከሥሩ ይልቅ በፀጉሩ ላይ መቀባት ይሻላል።

ሒና፦ ንጹሕ ሒና የሚሰጠው ቀለም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው። «ጥቁር ሒና» እየተባለ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ የፀጉር ቀለም ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ብርቱ አለርጂ፣ የዐይን ሽፋንና የፊት እብጠት ሊያስከትል ይችላል። አንዴ አለርጂ የያዘው ሰው ሌሎች ጥቁር የፀጉር ቀለሞችም ላይስማሙት ይችላሉ።

ሎሚ፦ ፎረፎርን ያጠፋል በሚል የሎሚ ጭማቂ በራስ ላይ ማፍሰስ የተሰነጠቀ ቆዳን ያቃጥላል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ ደግሞ ሊቆስልና ሊጠቁር ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ፀሐያማ ቦታ ይህ አደጋ ከፍ ይላል።

አስተጣጠብ

ለብ ያለ ውሃ ከሙቅ ውሃ ይመረጣል። ሻምፖው በቀጥታ ከራስ ላይ ከሚፈስ በመዳፍ በውሃ ቢቀጥን ይሻላል። መታጠብ ያለበት በዋነኛነት የራስ ቆዳ ነው፤ የፀጉሩ ጫፍ ከላይ በሚወርደው አረፋ ይጸዳል። ማሸት በጣት ሥጋ እንጂ በጥፍር መሆን የለበትም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በጣሳ እየተቀዳ ሲታጠቡ ብዙ ሻምፖ አለመጠቀም ተገቢ ነው። በቂ ውሃ ከሌለ አረፋው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ የቀረው ቅሪትም ማሳከኩን ይቀጥለዋል።

ለጥቅልል ፀጉር በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ በሻምፖ መታጠብ ለብዙ ሰው በቂ ነው። በመካከል ላብ ሲበዛ በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ይቻላል። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር በጠባብ አፍ ጠርሙስ ቀጭን ሻምፖ በመስመሮቹ መካከል በማፍሰስ ይታጠባል። ሹሩባው ከተወጠረ ራሱ ማሳከክና የፀጉር መነቀል ያመጣል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የሚለበስ ከሆነ ፀጉሩ ከደረቀ በኋላ መሸፈን ይኖርበታል፤ የታፈነ እርጥበት ለፈንገስ ይመቻል።

አዲስ ሻምፖ ለመሞከር ትንሽ መጠን ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ ውስጠኛ በኩል ተቀብቶ እንደተለመደው ይታጠባል፤ ለተወሰኑ ቀናት ተደግሞም ቆዳው ይታያል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አዲስ ምርት መጀመር የትኛው እንዳልተስማማ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሲገዛ

በኢትዮጵያ የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥልጣኑም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተደንግጓል። እንደ ድሬዳዋ ባለች ወደ ጅቡቲና ሶማሌላንድ በሚወስዱ መንገዶች ላይ በምትገኝ የንግድ ከተማ ከብዙ አገር የመጡ ዕቃዎች በገበያ ይገኛሉ። ስለዚህ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መኖሩን፣ ክዳኑም ያልተከፈተ መሆኑን ማየት ይገባል። ከትልቅ ዕቃ እየተቀዳ ያለ ስም የሚሸጥ ሻምፖ ምን እንደያዘ ማወቅ አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆየ ሻምፖም ሊበላሽ ይችላል፤ ከቀጠነ፣ ከተለያየ ወይም ሽታው ከተለወጠ መጠቀም አይገባም።

መድኃኒትነት ያላቸው ሻምፖዎች ከፋርማሲ ቢገዙ ይመረጣል። ስቴሮይድ ያለባቸውን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራስ ላይ መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ ቆረቆርንም ለጊዜው ደብቆ ያስፋፋዋል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ

ፀጉር ክብ ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ ቆዳው ከቆሰለ፣ መግል ወይም እብጠት ካለ፣ ፊትና የዐይን ሽፋን ካበጠ፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ከከለከለ፣ ወይም ለስላሳ ሻምፖ አራት ሳምንት ያህል ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመተንፈስ ችግር ከተጨመረበት አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። በድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ዋናው የመንግሥት ሆስፒታል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ደግሞ በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚጠቀሙበትን ሻምፖ፣ ቅባትና ቀለም ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ምክንያቱን ለማግኘት ይረዳል።